የዋሻ ሚካኤል ፓራውልት

ባዘዘው ለማንም አሳልፎ ሰጥቶ የማያውቀው ሁለት ነገር ነበረው፤ የመኪናውን ቁልፍና ከሚስቱ ጋር የመጨቃጨቅ መብቱን። ሚስቱ ትዝታ ራሷ በዚያ ሁሉ የትዳር ዘመን መሪውን አንድ ቀን ነክታ አታውቅም። በዚህ ያፍራል ብላችሁ ከሆነ ባዘዘውን አታውቁትም ማለት ነው፤ ይኮራበት ነበር።

መኪናዋ ነጠላ ጋቢና፣ ኋላዋ ክፍት የሆነ ትንሽ ፒካፕ ናት። ደጉ ጊዜ ሳለ ከላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ሆቴሎቹ የእንግዳ ሻንጣ ስታመላልስ ነው የኖረችው። ባዘዘውም በሩ ላይ ቆሞ የሆቴል ስም እየጠራ እንግዳ ይሰበስብ ነበር። ድምፅህ የአውሮፕላኑን ሞተር አልፎ ይሰማል ይሉታል፣ እሱም እንዲህ ሲሉት ደረቱ ይነፋል። አሁን ግን እንግዳ የለም። አውሮፕላኑ መምጣት ካቆመ ሰንብቷል፣ በጋሸና በኩል ያለው መንገድ ተዘግቷል፣ ስልኩም ከጠፋ ቆየ። ከተማው በሩ ከውጭ የተቀረቀረ ቤት ሆኗል። ሰው ጠዋት ይነሣል፣ መንገዱ ዳር ይወጣል፣ ያያል፣ ይመለሳል።

ይህን ሁሉ ባዘዘው ችሎት ነበር። ያልቻለው የትዝታን ሆድ ነው። ስንት ዓመት ስለት ተስለው፣ ስንት ጠበል ለጠበል ዞረው ያገኙት ልጅ፣ ወሩ ገብቶ ሳለ አዋላጇ ሲስተር ነጅሚያ ሆዷን ዳሰሰችና ደግማ ዳሰሰች። መደጋገሟን ባዘዘው አልወደደውም። ልጁ ተጋድሟል አለች በመጨረሻ፤ ካልዞረ በቀር በቀዶ ጥገና እንጂ በምጥ አይወጣም፣ ማደንዘዣው ደግሞ ከሌላው መድኃኒት ጋር መንገድ ላይ ቀርቷል። ምጥ ሳይጀምራት ወልድያ አድርሳት አለችው። እንዴት አድርጌ ብሎ አልጠየቃትም፤ እሷም እንደማታውቀው ያውቃል።

አንድ መንገድ አለ። ብልባላን አልፎ፣ ወንዝ ተሻግሮ በሙጃ በኩል የሚዞር፣ መንገድ ለማለት አፍ የሚይዝ ነገር። ባዘዘው ትዝታን ከመጫኑ በፊት ልፈትሸው ብሎ ከሚስቱ ወንድም ከእሱባለው ጋር ወረደ። ወንዙ ውስጥ እንደገቡ የመኪናዋ ፊት ከድንጋይ ጋር ተሳሳመ። ፕላስቲኩ እንደ ገል ረገፈ፣ ድንጋዩም አልፎ ራዲያተሩን ወጋው። ያቺ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቃት መኪና ፊቷ ከቀንበር ታስሮ፣ በሁለት በሬ እየተጎተተች ብልባላ ገበያ መሀል ስታልፍ ገበያተኛው ሥራውን ትቶ ሸኛት። ባዘዘው መሪውን እንደያዘ አንገቱን ቀብሮ ነበር፤ እሱባለው ግን ከኋላ ተቀምጦ ለሰው ሰላምታ ይሰጣል።

ብየዳ ሠሪው ጋሻዬ ራዲያተሩን በስንት መከራ ጠገነና ነገሩን ሳያለዝብ ነገረው። የዚች መኪና፣ ከመብራቷ ሥር ያለው ፓራውልት ለጌጥ የተሠራ ነው፤ ለዚያ ወንዝ የሚሆናት ወፍራም ብረት ነው፣ ድንጋይ ሲመጣ ቀድሞ የሚቀበል። ባዘዘው ብረት ፍለጋ ከተማውን አካለለው። የተዘጋ ሆቴል በር ለመነ፣ የአልጋ ብረት ተሸክሞ መጣ፣ የውሃ ቧንቧ ጎተተ። ጋሻዬ ሁሉንም በእግሩ ገፋ ገፋ እያደረገ ይህ ፍየል እንኳ አያስቆምም ይለዋል። መርካቶ ብትሄድ እኮ የምትመርጠው ነው የሚጠፋህ አለው አንድ ቀን። ባዘዘው በንዴት ሳቀ። መርካቶ የሚያደርስ መንገድ ቢኖር ፓራውልቱን ማን ይፈልገው ነበር?

ጋሻዬ ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለው። ዱሮ የውሃ ጉድጓድ ሊቆፍሩ የመጡ ሰዎች ከብልባላ ማዶ ገደል የጣሏት ፒካፕ ነበረች፤ የዚችው ዓይነት፣ ፊቷ ግን ክንድ በሚያህል ብረት የታጠረ። ሬሳዋን አይቻለሁ፣ ብረቱ ግን ቀድሞ ተወስዶ ነበር አለ። ዋሻ ሚካኤል ዛፍ ላይ ተሰቅሏል ይላሉ፤ ደወል ሆኗል።

የገጠር ደብር ከየት አምጥቶ ደወል ይገዛል? የተገኘው ብረት ይሰቀላል፣ ይመታል፣ ድምፁም ቅዱስ ነው። ባዘዘው ይህን ያውቃል። ቢሆንም እሑድ ጠዋት እሱባለውን አስከትሎ ወጣ። መኪናዋን ከኮረብታው ሥር አቆሙና በእግር ወደ ደብሩ አዘገሙ። ብረቱ ከወይራው ላይ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ባዘዘው ተሳልሞ እንዳበቃ ዓይኑ እዚያው ሄደ፤ የቡሎን ቀዳዳዎቹን አየ፣ በስንዝሩ ለካ፣ ልክክ። ሌላው ሰው መስቀል ሲስም እሱ ብረት ሲዳብስ ያየው ዲያቆን ገላመጠው።

ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ተሰብስቦ ሳለ ነገሩን ለቄስ ይታገሱ ነገራቸው። ሳይቀጥፍ፣ ሳያሳምር፣ እንዳለ። ቄሱ ጠላቸውን አስቀምጠው ሰሙት። ሽማግሌዎቹም ሰሙት። ከዚያ ሁሉም ዞረው ያዩት አንዲት መነኩሴ ነበር፤ እማሆይ ወለተ ሥላሴን። ብረቱ የሳቸው ስለት ነው። ማዶ፣ ከሸለቆው ወዲያ ካለው ሰፈር ነው የሚኖሩት። አንድ ጊዜ ቤታቸው ሲቃጠል የደብሩ የድንጋይ ደወል ማዶ ስለማይሰማ ደራሽ አጥተው፣ በሬያቸው ከነገመዱ ነዷል። ይህን ብረት ከገደል በሰው ትከሻ አስወጥተው ለሚካኤል የሰጡት፣ ማዶ ያለነው እንዳንረሳ ብለው ነው። ከዚያ ወዲህ ቀብር ቢሆን፣ እሳት ቢሆን፣ የጾም ቅዳሴ መውጫ ቢሆን ማዶው የሚያውቀው በዚህ ብረት ነው።

እማሆይ ባዘዘውን ብዙ አላስለመኑትም። ለነፍሰ ጡር ብረት የሚከለክል ሚካኤል የለም አሉ። ሰውየው ከደስታው የተነሣ ጉልበታቸውን ሊስም ሲጎነበስ ግን በእጃቸው መለሱት። መያዣ ይኖራል አሉ። ብረቱ እስኪመለስ ከአንተ ወገን አንድ ሰው እዚህ ይቀመጥ፤ ብረቱ የሚጠራውን ይጥራ፤ ድምፁም እኔ ደጅ ይድረስ። አንድ ሽማግሌ ከእኛው ልጆች አንዱ ቢጠራስ ብለው ነበር፤ እማሆይ የእኛው ሰው ከጠራማ መያዣነቱ ምኑ ላይ ነው ብለው ዘጉት።

ባዘዘው ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደም። እጁን ዘርግቶ እሱባለውን አሳየ። ይኸውላችሁ፣ ወጣት ነው፣ ሥራ የለውም፣ እዚሁ ይቀመጥ አላቸው። እሱባለው ቁልቁል ወደ መኪናዋ አየና ትከሻውን ሰበቀ። ባጃጅ በሜዳ ላይ ገልብጦ ጥቅል ጎመን ከተማውን ያለበሰ ሰው፣ መሪ ልያዝ ብሎ ሊከራከር ነው?

መጥሪያ የሚሉት ጥቁር ድንጋይ ከደብሩ አጥር ወዲያ፣ ገደሉ አፍ ላይ ነው። እሱባለውን እዚያ ላይ አወጡት። ማዶ ያለችው የእማሆይ ምራት ድምፅ ስትሰማ ነጠላዋን ታውለበልባለች፤ ብረቱ ሲመታም ሰማን ለማለት ልማዳቸው ይኸው ነው። እሱባለው ጉሮሮውን ጠርጎ ጮኸ። ማዶ ዶሮ እንኳ አልተነቃነቀችም። ደግሞ ጮኸ፤ ድምፁ መሀል ላይ ተሰብሮ ጥጃ የሚጣራ መሰለ። ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላ ሸፈኑ፣ ሽማግሌዎቹ ጢማቸውን ጠረጉ። ነገሩ ሊበላሽ ነው።

እዚህ ላይ ባዘዘው ዝም ቢል ምን ነበረበት? ሌላ ሰው ሊፈለግ ይችል ነበር፤ የትዝታ አጎት አለ፣ ጋሻዬም አለ። ግን የሰው ድምፅ ሲሰበር ማየት አይችልም፤ ሥራው የነበረ ነዋ። ድምፅ ከሆድ ይወጣል እንጂ ከጉሮሮ አይወጣም ብሎ እየተቆጣ ድንጋዩ ላይ ወጣ። አማቹን በክርኑ ገፋው። እግሩን ከፈተ፣ ሆዱን በአየር ሞላ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ያደርግ እንደነበረው ለቀቀው።

ሸለቆው ተቀበለው። ማዶ ውሻ ጮኸ። ከዚያ ከአንዱ ግቢ ነጠላ ወጣና ተውለበለበ፣ ቀጥሎ ከሌላው፣ ቀጥሎ ከላይኛው ሰፈር። ባዘዘው እንዴት እንደሚጠራ አየህ በሚል ኩራት ዞረ። የሽማግሌዎቹን ፊት ያየው ያን ጊዜ ነው። ሁሉም የሚያዩት እሱን ነበር።

ቁልቁል ወርዶ ቄስ ይታገሱ እግር ሥር ተንበረከከ።

«አባቴ፣ የምትሄደው ሚስቴ እኮ ናት» አላቸው።

«እናውቃለን፣ ልጄ» አሉት። «የሚሄደውም ድምፃችን ነው።»

አይ ባዘዘው! እምቢ ብሎ እንዳይሄድ ብረቱ ይቀራል፤ ብረቱ ከቀረ ትዝታ ትቀራለች። እሺ ካለ መኪናውንም፣ ሚስቱንም፣ ያልተወለደ ልጁንም ሌላ ነጂ የለምና ለጎመን ገልባጩ አስረክቦ እሱ እዚህ ኮረብታ ላይ ሊቆም ነው። ወደ ወይራው ዞሮ ብረቱን አየ። በሚካኤል ይሁንብኝ፣ ብረቱ እስኪመለስ እኔ እጠራለሁ ብሎ ማለ። ድምፁ ያን ጊዜ ከሆዱም ከጉሮሮውም አልወጣም፤ ሰው የሰማው ተጠግቶ ነው።

በማግስቱ ባዘዘውና እሱባለው ትዝታን ይዘው መጡ። ጋሻዬም ቁልፎቹን ይዞ አብሮ መጣ፤ ጎልማሶቹ ብረቱን በትከሻ አወረዱት፣ ቡሎኑ አንድም ሳያስቸግር ገባ። መኪናዋ ፊቷ ተለወጠ። ያቺ የሻንጣ መኪና ጉልበተኛ መስላ ቆመች። ባዘዘው ለእሱባለው መንገዱን ሁሉ ነገረው፤ ወንዙ ላይ ፍሬን እንዳትይዝ፣ ቁልቁለቱን በአንደኛ ማርሽ፣ ስታነጥስ እንኳ መሪውን እንዳትለቅ። ከዚያ ቁልፉን ሊሰጠው እጁን ዘረጋ፤ ጣቶቹ ግን አልለቀቁትም። ትዝታ ናት በመስኮት እጇን አውጥታ ቁልፉን ከመዳፉ የወሰደችው።

ጠርቶ ማዶውን ነጠላ እንዳስውለበለበ ሰምታለች። አላለቀሰችም፤ ስትናደድ አታለቅስም።

«ምናለ ያን አፍህን ብትዘጋ ኖሮ» አለችው። «አሁን አጠገቤ ነበርክ።»

በሩን ደህና አድርጎ ዘጋላት። ከስንት ዓመት ጭቅጭቅ በኋላ የመጨረሻውን ቃል ለእሷ የተወላት ያን ቀን ነው። መኪናዋ ቁልቁል ወረደች። ከታጠፈች በኋላ አትታይም፣ ሞተሯ ብቻ ይሰማል። ወንዙ ስትደርስ ነው ጉዱ የመጣው። ድንጋይ ከብረቱ ጋር ሲጋጭ ያ የደወል ድምፅ ጓ ብሎ ከሸለቆው ወጣ። ደብሩ ያለው ሰው ሁሉ በልማድ ወደ ወይራው ቀና አለ፤ ወይራው ላይ ያለው ባዶ ሰንሰለት ነው። ማዶ ያሉት ሰምተናል ብለው ነጠላ አውለበለቡ። ደግሞ ጓ አለ፣ ደግሞ። ከዚያ ዝም አለ፤ ተሻግራ ይሁን ቆማ የሚነግረው ሰው የለም። ባዘዘው ወደ ወንዙ ሲሮጥ ወረደ። ጎማዋ ማዶውን አርሶ ወጥቷል። ተመስገን ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ ከዚያ ሰዓቱ ደርሶ ነበርና ተመልሶ ሊጠራ ወጣ።

እንዲህ ሆኖ ባዘዘው ደወል ሆነ። ሰንበቴ ቤቱ ውስጥ አጎዛ አነጠፉለት፣ እራቱን ተራ በተራ ያመጡለታል፣ ማንም ክፉ አልተናገረውም። ጎሕ ሲቀድ ይጠራል፣ ቅዳሴ ሲወጣ ይጠራል፣ ሰው ሲሞት ይጠራል። ልጆቹ ደወሉ መጣ እያሉ ይከተሉታል፣ ትልልቆቹም አይቆጧቸውም። ከድንጋዩ ላይ ሆኖ የሚያየው ያንን የመንገድ ጥምዝ ነው። መኪናዋ የምትመለስ ከሆነ በዚያ ነው። ሳምንት አለፈ፣ ሌላ ሳምንት መጣ። ወለደችም ሞተችም የሚል የለም። እሱባለው ቁልቁለቱን በአንደኛ ማርሽ ወርዶት ይሆን እያለ በተኛበት እግሩ ፍሬን ይፈልጋል። እንግዲህ እስር ቤት ማለት ምንድን ነው? በር የለው፣ ዘበኛ የለው፣ ሰዉ ሁሉ ደግ፣ ግን የትም አይሄድም።

አንድ ጠዋት በቃኝ አለ። ዓቢይ ጾም ገብቶ ነበር። ጎሕ ላይ ጠርቶ ሲያበቃ ከድንጋዩ ወርዶ ቀጥ ብሎ ወደ ወንዙ ሄደ። ተሻገረ። በእግሬ ወልድያ እገባለሁ፣ በመሐላዬ ሚካኤል ይፍረድብኝ እያለ ዳገቱን ተያያዘው። ፀሐይ አናቱ ላይ እስክትወጣ ተጓዘ። ከዚያ መንገዱ ሁለት ሆኖ ተከፈለ፤ በሁለቱም ላይ የጎማ ፋና የለም፣ ንፋስ ጠርጎታል። በዚህ ስሄድ በዚያ ቢመጡስ? ትዝታ ልጅ ታቅፋ ደብሩ ሥር ደርሳ ባዘዘው የታለ ብትል፣ ከድቶ ሄደ ሊሏት ነው? ቆመ። እያለቀሰ ተመለሰ፣ ማንም ስላላየው ደህና አድርጎ አለቀሰ።

ደብሩ ሲደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ቄስ ይታገሱ ድንጋዩ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠዋል። አልተቆጡትም። በመቋሚያቸው ማዶውን አሳዩት። የእማሆይ ግቢ በር ላይ ሰው ቆሟል፣ የላይኛው ሰፈርም ደጅ ደጁ ላይ ቆሟል። ቅዳሴ ከወጣ ቆይቷል፤ ግን ጥሪ አልሰሙምና አንዳቸውም አልቀመሱም። ሕፃን ያዘለችዋም፣ አሮጊቷም፣ ከእርሻ የዋለውም ጉሮሮው ደርቆ የእሱን ድምፅ ይጠብቃል። እኔ ጠርቼ ነበር አሉ ቄሱ፤ የኔ ድምፅ ከአጥር አያልፍም።

ባዘዘው ድንጋዩ ላይ ወጣና ጠራ። ነጠላዎቹ ተውለበለቡ፣ ሰዎቹ ወደየቤታቸው ገቡ። ያን ማታ እራት ሲያመጡለት አልበላም። ከዚያ ቀን በኋላ ወንዙን ለመሻገር አልሞከረም።

ጾሙ ሳይጋመስ ኪዳን የሚባል ነጋዴ ጨው የጫኑ አህዮቹን እየነዳ ከሙጃ በኩል መጣ። ደብሩ ሥር ሲደርስ ባዘዘው የሚባል አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ባዘዘው ይህን ጥያቄ ስንት ቀን ሲጠብቅ ኖሮ፣ ሲመጣ አጥሩን ተደግፎ እኔ ነኝ አለ። ነጋዴው የመጀመሪያውን ቃል ከመናገሩ በፊት አንዷን አህያ ለማቆም ዞረ። ያቺን አህያ ባዘዘው እስከ ዛሬ አልማራትም።

ወልዳለች። ሴት ናት። በቀዶ ጥገና ነው፣ እናትም ልጅም ደህና ናቸው፣ ምጥ የጀመራት እዚያው በሩ ላይ ሲደርሱ ነው። እሱባለው ጭረት እንኳ ሳያስነካ አድርሷል። ይህን ሁሉ ኪዳን በአንድ ትንፋሽ ተናገረ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እሱባለው ብረቱን ሊመልስ ሲወጣ መኪናዋን ኬላ ላይ ያዟት። ፊቷን አይተው ይቺ የሰላማዊ ሰው መኪና አይደለችም አሉት፤ የቤተ ክርስቲያን ደወል ነው ቢላቸው ሳቁበት። አሁን ለሥራቸው እየነዷት ነው፤ እሱባለው በየቀኑ እየሄደ ይለምናቸዋል። ያዦቹ እነማን እንደሆኑ ነጋዴው አልተናገረም፣ የጠየቀውም የለም።

ብረቱ አልተመለሰም ማለት ነው። ባዘዘው ይህን ተረዳ፤ ልጁ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፣ ያንንም ያለ እሱ ልታደርገው እንደምትችል ተረዳ። ቢሆንም ፊቱ ላይ ያለውን ሳቅ መሰብሰብ አቃተው። ትዝታስ ምን አለች አለ።

ነጋዴው ትንሽ አፈረ። «አፉን እንዳይዘጋ በሉት ብላለች።»

ባዘዘው ያለ ሰዓቱ ድንጋዩ ላይ ወጣ። ሲጠራ እሳት መስሏቸው ሰዎች ውሃ ይዘው፣ ዱላ ይዘው ወጡ፣ ማዶም ተራወጠ። ትዝታ ተገላገለች፣ ሴት ልጅ አለችኝ ብሎ ጮኸ፤ ቃል በቃል እየለየ፣ ሸለቆው መልሶ እስኪያመጣለት እየጠበቀ። ከዚያ ከእማሆይ ደጅ እልልታ ተነሣ፣ የላይኛው ሰፈር ተቀበለ፣ ደብሩም ተቀበለ። ባዘዘው ድንጋዩ ላይ ቁጢጥ ብሎ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ሰዉ ሲበተን ቄስ ይታገሱ ስለ ብረቱ ጠየቁት። የሆነውን ነገራቸው። እሳቸውም ወይራው ላይ ያለውን ባዶ ሰንሰለት አዩና፣ እንግዲህ ነገ ቅዳሴው ረዘም ይላል፣ ስትጠራ እንዳትቸኩል አሉት። እሺ አባቴ አላቸው።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ወጣ። ጥሪውን ከመጀመሩ በፊት ፊቱን ወደ ወልድያ አዞረና፣ ሆዱን በአየር ሞልቶ አንድ ጊዜ ጮኸ። በዚያ በኩል ያለው ተራራ ብቻ ነው፤ ነጠላ ያውለበለበ የለም። ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ዞሮ ማዶውን ጠራ።